ዘጠና አምስተኛው ገጽ

"ማነው?" ብሎ ጮኸ መምህሩ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ በሌለ በር እጀታ ላይ አድርጎ። ሃምሳ ስምንቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጸጥ አሉ። ይችን ቃል በየዓመቱ እንዲህ አድርጎ ስለሚጮኻት ተማሪው እሱ በሌለበት "ቲቸር ማነው" ነው የሚለው። እሱም ይህን ያውቃል፤ ደስም ይለዋል።

"አያችሁ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ተቆጥቶ ከቤት ያባረረውን ልጁን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ አባት፣ በሩ ሲንኳኳ ብድግ ብሎ 'ማነው?' አለ። ተውኔቱም እዚህ ላይ አለቀ። የመጣው ልጁ ይሁን ሌላ ሰው ደራሲው አልነገረንም። እንዲህ ዓይነቱ አጨራረስ ምን ይባላል?"

"ክፍት ፍጻሜ!" አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

"ጎረቤት ነው፣ ቲቸር" አለች ከወደ መስኮቱ አንዲት ልጅ። "መሰላል ሊመልስ ነው የመጣው።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ተናጋሪዋ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ እንኳን መጽሐፍ ዕቃ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳታነብ የማትጥል፣ ከሃምሳ ስምንቱ መሃል ሳይገደድ የሚያነብ ሰው ቢፈለግ እሷ ብቻ የምትገኝ ልጅ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ደወል ሲደወል ጠረጴዛው ድረስ መጥታ አንድ ቅጠል ወረቀት አስቀመጠችለት። እናቷ ለልብስ ቅድ ማውጫ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ትገዛለች፤ ከዚያ ክምር መሃል ነው ያገኘችው። ተውኔቱ ያለበት የዚያው መማሪያ መጽሐፍ የድሮ እትም ቅጠል ነው። በፊቱ ዘጠና አምስት፣ በጀርባው ዘጠና ስድስት የሚል ቁጥር አለው።

መምህሩ የራሱን መማሪያ መጽሐፍ ገለጠ። "ማነው?" የምትለዋ ቃል ዘጠና አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ናት። ቀጥሎ ያለው ገጽ ዘጠና ሰባት ይላል። ምናልባት ሁለት ገጽ ተጣብቆ ይሆናል ብሎ በጣቱ ፈተገው። ምንም የተጣበቀ ነገር የለም።

ከዚያ የልጅቷን ወረቀት አነበበ። አባትየው በሩን ይከፍታል። ጎረቤቱ መሰላል ተሸክሞ ቆሟል። "ይሄን ልመልስ ብዬ ነው" ይላል። አባትየው ያየዋል፤ ቆይቶ፣ "እዚያ ጥግ አስደግፈው" ይላል። ተመልሶም ይቀመጣል። አለቀ።

ወይ ጉድ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ማተሚያ ቤቱ የዘለለውን ቅጠል እሱ የጥበብ ጥግ ነው እያለ ሲያስተምር ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዘጠና አራት ቀጥሎ ዘጠና ሰባት አይመጣም ያለ ሰው ጠፋ። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ሦስት ልጆቹን በዚሁ መጽሐፍ አስተምሯል። መምህሩ ጆሮው ድረስ አፈረ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከነፈ።

ርዕሰ መምህሩ የፈተና መርሐ ግብር እየጠረዘ ነበር። መምህሩ ማን እንዳመጣችው ሲነግረው ወረቀቱን ጨረፍ አድርጎ አይቶ መለሰለት።

"አዲስ ነገር ያመጣህ መስሎህ ነው?" አለው። "እኔ ከአራት ዓመት በፊት ደርሼበት ለበላይ ጽፌያለሁ።"

"እና ምን አሉህ?"

"'ክፍት ፍጻሜ የተማሪዎችን ምናብ ስለሚያዳብር ባለበት ይቀጥል።' ደብዳቤው ማኅተም አለው። ላውጣልህ?"

"ጥያቄው ሰኞ ፈተና ላይ አሥራ አምስት ነጥብ ይዞ ይመጣል እኮ!"

"በየዓመቱ መቼ ቀርቶ ያውቃል? አራሚዎቹ እኔና አንተ አይደለንም። 'ክፍት' የምትለዋን ቃል ካላዩ ዜሮ ነው።" ስቴፕለሩን ቷ አደረገው። "ይልቅ ያቺን ልጅ ምከራት። በሒሳብ እንደሆነ የለችበትም። በሥነ ጽሑፍ ካልተነሣች አሥራ አንደኛ ክፍልን በዓይኗም አታያትም። እናቷ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝታ እየጠበቀቻት ነው፤ ባለፈው መጥታ በኩራት ነው የነገረችኝ።"

መምህሩ ሊጣላ ነበር የመጣው። ግን ምን ብሎ ይጣላ? ሰውየው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሹልክ ብሎ ወጣ።

ልጅቷ ባዶው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ እየጠበቀችው ነበር።

"ነገሯቸው፣ ቲቸር?"

"ያውቁታል።"

ፊቷ ፈካ። "እሰይ! ታዲያ ይስተካከላላ?"

"አይስተካከልም። ሰኞ 'ክፍት ፍጻሜ' ብለሽ ጻፊ።"

"እንዴ! ልጁ አልመጣማ! አባትየው 'አስደግፈው' ብሎ ሲቀመጥ እኔ እኮ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እናቴ እንኳ ምን ሆነሻል ብላ ስፌቷን አቁማ ነበር። አሁን ክፍት ነው ብዬ እንዴት ልጻፍ?"

አንጀቱን በላችው። ያየሽውን ጻፊ፣ የፈለገው ይምጣ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትወድቅ እሱ ነገም ተነሥቶ ያስተምራል፤ ስፌት መኪናው ላይ የምትጎብጠው እሷ ናት። በሌላ ሰው ልጅ ዕድል ጀግና መሆን ደግሞ ነውር መሰለው።

"የኔ ልጅ" አላት፣ "አሥራ አምስት ነጥብ ነው። ያለሱ አታልፊም።"

ልጅቷ ቀስ ብላ ደብተሯን ገለጠችና እርሳሷን አነሣች። "ለምን ክፍት አደረገው ለሚለውስ ምን ልበል?"

"ደራሲው፣ አንባቢው ታሪኩን በራሱ ምናብ እንዲጨርሰው ስለፈለገ" አለ መምህሩ። አሥራ አንድ ዓመት ያላት ዓረፍተ ነገር አንድም ቦታ ሳታደናቅፈው ወጣች። ልጅቷ እንዳለ ጻፈችው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ "ፍፃሜ" ብላለች።

"በጸሎቱ ጸ ነው" አላት። "በፀሐዩ ፀ ከጻፍሽው ይቀንሱብሻል።"

በላጲስ አጥፍታ አስተካከለችው። ብናኙን እፍ አለችና አዲስ ገጽ ገለጠች። ከዚያ ያለ ኩርፊያ፣ ያለ ሽሙጥ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገባው ብላ እንደምትጠይቅ ሆና፣

"ለፈተናው የቀሩትን አራት አጫጭር ልቦለዶችስ፣ ቲቸር? ላንብባቸው ወይስ መልሱን ይነግሩኛል?" አለችው።

መምህሩ ደነገጠ። ዕድሜ ልኩን አንብቡ፣ አንብቡ፣ አንብቡ ብሎ ጉሮሮው የተሰነጠቀ ሰው ነው። አሁንም አንብቢ ሊላት ይገባል። ግን አንብባ ደግሞ ሌላ ነገር ብታገኝስ? ፈተናው ሰኞ ነው።

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ጻፊ" አላት። "ቁጥር አንድ።"