ካልሲው ሲወልቅ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ጽዱ» እያለ ይጠራዋል፤ ስሙን ያወጡለት ለማሾፍ ነው። ሰው በጨበጠ ቁጥር እጁን ይታጠባል። በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ደንበኛው አንገት ላይ ብጉር ካየ ፊቱ ጭምድድ ይላል። ከሁሉም ከሁሉም የሚቀፈው ግን እግር ነው፤ የሰው ብቻ ሳይሆን የገዛ ራሱም። ገላውን ሲታጠብ የወረደው ውኃ ይበቃዋል ብሎ ይተወዋል እንጂ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ፈልቅቆ አይቶ አያውቅም።

ስኳር ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ልቡን ካመመው ደግሞ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፣ የቀጠሮ ቀን አይቀርም። «እግርህን እይ» የሚለውን ምክር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖረ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንሽ ሲራመድ ባቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ ይቆማል፤ ሲለቀው ይቀጥላል።

አንድ ሰሞን ሱቁ ይሸት ጀመር። ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ክፉ ሽታ። ጽዱ ወለሉን በበረኪና አጠበ፣ ፎጣዎቹን ቀቀለ፣ የመታጠቢያውን ቱቦ አስፈታ። ወይ ፍንክች! አንድ ደንበኛ ፂሙ እንኳ በቅጡ ሳይላጭ «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ውልቅ አለ። ስልኩ እንዳልጮኸ ሁለቱም ያውቃሉ።

የጽዱ ደም ፈላ። ከግድግዳው ወዲያ ጫማ ሰፊው አለ፤ ከእሱ ሌላ ማን ያገማዋል? መቀሱን እንደያዘ ዘው አለበት።

«አንተ! ይሄን የገማ ቆዳህን አውጥተህ ካልጣልክ ሰው ሊርቀኝ ነው!»

ጫማ ሰፊው ዝቅተኛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሶል ይለጥፋል። ቀና ሊል ሲል አፍንጫው ከጽዱ ጉልበት ትይዩ ሆነ። እጁ ባለበት ቀረ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቆዳና ማስቲሽ ምን እንደሚሸት እኔ አውቃለሁ። ይሄ ሥጋ ነው። እስቲ ይቀመጡና ጫማዎን ያውልቁ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

ጽዱ መቀሱን ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። ጫማ ሰፊው ማሰሪያውን ፈታ፣ ጫማውን ሳበ። ካልሲው ጣቶቹ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ሲል በውኃ አረሰሰው። ሲወልቅ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ትንሿ ጣት ከሰል መስላለች፤ ከጎኗ ያለችው ቆዳዋ ተልጦ መግል ታዥባለች። ምንም አያመውም ነበር። ጽዱ ፊቱን አዙሮ በሩ ላይ አስመለሰ።

ከጫማ ሰፊው ጋር ሆስፒታል ሲደርሱ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። አንዱ ተረከዙ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሌላው ከጉልበቱ በታች እግር የለውም። ጽዱ ማንም እንዳይነካው ጥግ ላይ ኩርምት አለ። ሐኪሟ እግሩን ጨበጥ አድርጋ ከላይ በኩል በጣቶቿ የደም ትርታ ፈለገች፤ አጣች። እግሩም ቀዝቃዛ ነው።

«ልብዎ ላይ ያለውን ደም ስር ያጠበበው ነገር እግርዎንም አልማረም» አለችው። «ስኳሩ ደግሞ ሕመሙን ደብቆብዎታል።»

«እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ?»

«ምን ብቻ! ከጠዋት ጀምሮ ስኳርም ልብም ያለባቸው ዘጠኝ ሰዎች አይቻለሁ። የስድስቱ የእግር ደም ስር ጠቧል። አምስቱ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።»

«ለልቤ ብዬ ሦስት ዓመት ስመላለስ ካልሲ አውልቅ ያለኝ የለም!»

ሐኪሟ ዓይኗን ሰበረች። «እውነትዎን ነው። ያሳፍራል።»

የጠበበውን ደም ስር ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ አሰፉለት፤ ሁለቱን ጣቶች ግን ቆረጡ።

ቤት ከገባ በኋላ ቁስሉን የምታጥበው ሚስቱ ሆነች። እሱ እግሩን ይዘረጋላታል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል። አንድ ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሳፋውን አጠገቡ አስቀምጣ ቆመች።

«ምነው?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን የማይቀፈኝ መስሎሃል? ይቀፈኛል! በየቀኑ ቋቅ ይለኛል። ካንተ እግር ተነስቼ ቁርስ መብላት ካቆምኩ ቆየሁ። አንተ ግን አንዴ እንኳ ዞር ብለህ አላየኸውም።»

ጽዱ የሚገባበት ጠፋው። እሷ ስትጠየፍ አንድም ቀን አላየም፤ ፊቷን አይቶ አያውቅማ። በራሱ አፈረ፤ ማፈር ብቻም አይደለም፣ ከቁስሉ ይልቅ ያ በመሐረብ የተሸፈነ የራሱ ፊት አስጠላው።

«ሳሙናውን አቀብይኝ» አላት።

ፋሻውን ራሱ ፈታ። ቀዩን ሥጋ፣ የተሰፋውን ጠርዝ፣ ሁለት ጣት የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ። መሐረቡን ወደ ጎን ጣለው። ቀስ እያለ አጠበ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ። የውስጥ እግሩ አልታይ ቢለው ለደንበኞች ማጅራታቸውን የሚያሳይበትን የእጅ መስታወት አስመጣና ከሥር ያዘው። ተረከዙ ላይ ሌላ ትንሽ ስንጥቅ አገኘ።

«እዚህም አለ» አላት።

«እኮ፤ ቅባቱ ያውልህ» አለችውና ቁርሷን ልትበላ ሄደች።

ጫማ ሰፊው አፉ ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ ጫማ ሠራለት። ጽዱ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ሲያመነታ ቆይቶ በሦስተኛው ሄዶ ጠየቀው። እግሩ ዛሬም ይቀፈዋል። ጠዋት ጠዋት ፊቱን እንዳጨማደደ ያጥበዋል፣ አንድ በአንድ በየጣቶቹ መሀል ያያል፣ ከዚያ ካልሲውን አጥልቆ ወደ ሥራው ይወጣል።