ጭስ የጠገበው ኮምፒዩተር

ባንተአምላክ የመጨረሻዋን ብሎን ፈትቶ የአሮጌውን ኮምፒዩተር ክዳን ሲያነሣው አንድ እፍኝ ጥቀርሻ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ሚስቱ ምሥራቅ ትናንት ያጠበችውን የጠረጴዛ ልብስ አይታ ራሷን ነቀነቀች። እሱ የሚያየው ሌላ ነበር። ከጥቀርሻው ሥር አረንጓዴው ሰሌዳ ምንም ሳይሆን ተኝቷል።

«ምሥሬ፣ ነይ እዪልኝ። አንዲት ነጥብ ዝገት የለውም እኮ» አለ።

«እኔ የሚታየኝ ከሰል ነው። ከአዲስ ቅዳም ገበያ ጭነህ የመጣህ ነው የምትመስለው» አለችው።

ባንተአምላክ በሥራ ቀን እንጅባራ ውስጥ መድኃኒት ቤት ይሠራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰው የጣለውን አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር እየፈታ ያክማል፤ ያ ሁለመናው ኪቦርድ የሆነውን፣ ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ የሚሠራውን የጥንቱን ዓይነት። እስካሁን ከየመጋዘኑ የለቀማቸውን ሁሉ እርጥበት ቀድሞት በልቷቸው ስለነበር አንዱም ነፍስ ዘርቶለት አያውቅም። ምሥራቅ «የኔ ባል የሬሳ ሐኪም ነው» እያለች ጎረቤት ፊት ታሾፍበታለች።

የዛሬውን ያመጡት ሰው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው እዚያው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሽባባው ይባላሉ። ዳንግላ አጠገብ በነበረ አንድ የከብት ሕክምና ፕሮጀክት ዘበኛ ነበሩ። ፕሮጀክቱ በደርግ መጨረሻ ሲዘጋ ፈረንጁ ሐኪም ኮምፒዩተሩን «እስክመለስ አደራ» ብሎ ሰጥቷቸው ሄደ። እሳቸውም እንደ ዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀሉት። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ይህን ሲያጫውቱት ባንተአምላክ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።

«ጭስ ላይ ይሰቀላል ብሎ ማን ነገረዎት ጋሼ?» አለ ባንተአምላክ።

«ማን ይነግረኛል። ዘሩን ከነቀዝ ካዳነው ይሄንንስ ምን ያደርገዋል ብዬ ነዋ። ብቻ ውላችንን እንዳትረሳ ልጄ። ሕይወት ካለው ይዤው እመለሳለሁ፤ የሰው አደራ ነው። ከሞተ ያንተ ነው። በድን ታቅፌ አልኖርም።»

ባንተአምላክ በውሉ ሲስማማ ብዙም አላሰበበትም ነበር። አሁን ግን ይከነክነው ጀምሯል፤ ቢሠራ ያጣዋል፣ ባይሠራ ይወርሰዋል። እጁ ግን ይህን ሁሉ የሚሰማ አልነበረም። ሰሌዳውን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠበ። ካፓሲተር የሚሉት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አብጦ አግኝቶ በካውያ አቅልጦ አነሣና አዲስ ተከለ። ዋናው አዳፕተር ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ ግን ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ በእጁ የሠራው አለው። ሰካው፣ በቴስተር ለካው፣ ቮልቱ ልክ ነው። ቴሌቪዥኑን አገናኝቶ ማብሪያውን ተጫነ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አጥፍቶ አበራ፣ ሽቦ ቀየረ፣ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ አንድ በአንድ ፈለገ። ያው ጥቁር ነው።

«በቃ አትድከም ልጄ» አሉ ጋሽ ሽባባው በመጨረሻ። «የዳንግላ መኪና ያመልጠኛል። ያንተው ነው እንግዲህ።» ተነሥተው እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ሰውየው ቢመጣ ምን እለዋለሁ» አሉ፤ ማንንም አልጠየቁም። ምሥራቅ ውጭ የሚጥለው ዝናብ እስኪያባራ እንዲቆዩ ብትለምናቸው እምቢ ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እሷም ባጃጅ ልታስቆምላቸው አብራቸው ወጣች።

ባንተአምላክ ብቻውን ቀረ። ኮምፒዩተሩ የሱ ሆኗል፤ ደስታው ግን አልመጣ አለው። ጣቱ ሰሌዳው ላይ ሲዞር ድንገት ትልቁ ቺፕ ላይ ቆመ። ሁሉን ሲያጥብ ይሄን ከመሰኪያው ሳይነቅል አልፎታል። ማብሪያውን ዘግቶ ቺፑን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብሎ አነሣው። እግሮቹ ጥቀርሻ ለብሰዋል። ጠረጋቸው፣ ቦታው መልሶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ አበራ።

ስክሪኑ ነጣ። ከግርጌው አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ባንተአምላክ ጮኸ። ወንበሩን ገልብጦ፣ ጫማውን ሳያደርግ ወደ በሩ ሮጠ፤ ይህን የመሰለ ነገር ለብቻ አይታይም። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። ጋሽ ሽባባው ባጃጁ ውስጥ ገብተዋል። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሞቷል ብለው የተዉለት ራሳቸው ናቸው። ዕድሜውን ሲፈልገው የኖረው ሕያው ኮምፒዩተር ሳሎኑ ውስጥ በርቶ ተቀምጧል። ምሥራቅ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ባዶ እግሩን ታያለች። ባጃጁ ተንቀሳቀሰ።

«አቁም» አለ ባንተአምላክ። «ጋሼ፣ ነፍስ አለው። ይመለሱ።»

ተመልሰው ስክሪኑ ፊት ሲቆሙ፣ ባንተአምላክ ስማቸውን በፈረንጅ ፊደል ጽፎ ኮምፒዩተሩን እንዲደጋግመው አዘዘው። ሽባባው፣ ሽባባው እያለ ከላይ እስከ ታች ሞላው። ምሥራቅ ስታነብላቸው ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ተመስገን። አደራ በላ ከመባል አወጣኸኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ብዙ አዩት፣ ቁልፎቹንም ነካክተው ሳቁ፤ ውሉን ግን አልረሱም። ባንተአምላክ ክዳኑን ገጠመላቸው፤ እሳቸውም በነጠላ ጠቅልለው ታቀፉት።

ምሥራቅ ባሏን አየችው፤ አላሾፈችም። ባንተአምላክ ባዶውን ጠረጴዛ አየ። ከዚያ አዳፕተሩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ሰጣቸው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ ጋሽ ሽባባው።

«የኔ ነው። እርስዎ ዘንድ አደራ አስቀምጬዋለሁ።»

ትኩር ብለው አዩትና ፊታቸው በፈገግታ ተሸበሸበ። «አደራውን ሊያይ የሚመጣ ሰው መቼም አይከለከልም። መብራት ገብቶልናል፤ ቴሌቪዥንም ልጄ ገዝቶልኛል። እሑድ ና።»

«እሑድ ሩቅ ነው» አለ ባንተአምላክ፣ ጫማውን እየፈለገ።