ጆሮ ከጆሮ

ኃላፊው «ባጭሩ» ብሎ ከጀመረ ምሳ ያልበላ ሰው አለቀለት። ሠራተኞቹ ስሙን ትተው ባጭሩ የሚሉትም ለዚሁ ነው፤ ባጭሩ ብሎ ጀምሮ ባጭሩ የጨረሰበት ቀን የለም። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ዲግሪውን መስታወት አስገብቶ ከቢሮው ግድግዳ ሰቀለው። እውቀቱም አብሮ ሳይሰቀል አልቀረም።

ቴክኒሻኗ ከሥሩ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስቱም በኮንትራት። በየዓመቱ መጨረሻ «ያድሱልኝ ይሆን?» እያለች ልቧ እንደተንጠለጠለ ይከርማል። ዘንድሮ ግን ዳይሬክተሯ ራሳቸው አስጠርተው፣ «ማክሰኞ ለእንግዶች የምናደርገው ማሳያ ይሳካልሽ እንጂ ቋሚ እናደርግሻለን» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሥራው የጠረጴዛ ስልክ እጀታን ከአዲሱ ቦርድ ጋር ማገናኘት ነው። ቦርዱ የሰውን ድምፅ ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም መልሶ ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ መዳፍ የሚያክል ነገር ነው፤ ለሙከራ የተገዛ። ከእጀታው አራት ሽቦ ይወጣል፤ ሁለቱ ከመናገሪያው፣ ሁለቱ ከመስሚያው። ቴክኒሻኗ በቴስተር አንድ በአንድ ለየቻቸው፣ ለየጥንዱ መሰኪያ በየደችላቸው፣ ከዚያ ፕላስተር ለጥፋ በአንዱ ላይ «አፍ»፣ በሌላው ላይ «ጆሮ» ብላ ጻፈች። «አፍ»ን ቦርዱ መግቢያ ላይ፣ «ጆሮ»ን መውጫው ላይ ሰካችና ሞከረችው። ድምፅዋ ከቦርዱ ጋር ከተያያዘው የአዳራሹ ስፒከር ጥርት ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት እንግዶች ወንበር ወንበራቸውን ሲይዙ፣ ባጭሩ ጎንበስ ብሎ ፕላስተሮቹን አነበበ።

«ምንድን ነው ይሄ? ባጭሩ፣ ተሳስተሻል። ቦርዱ የሚሰማው በመግቢያው ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ግን…»

«የሚሰማ ነገር ምን ይባላል? ጆሮ! ታዲያ ጆሮ ከጆሮ፣ አፍ ከአፍ ነዋ። እንዴት ጆሮን መውጫ ላይ ትሰኪያለሽ?»

«አለቃ፣ ጆሮ ያልኩት የቦርዱን አይደለም፤ የሚደውለውን ሰው ነው።»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ሁለቱንም ነቀለና አለዋውጦ ሰካቸው። «እንዳትነኪው!»

እጇን ሰበሰበች። ስድስት ዓመት ጥርሷን ነክሳ የደረሰችበት ቀን በአንድ ቃል ሊበላሽባት ነው።

ዳይሬክተሯ እጀታውን አነሡ። «ሃሎ?» ስፒከሩ ጭጭ። «ሃሎ፣ ሃሎ?» አሁንም ጭጭ። ባጭሩ ላብ በላብ ሆነና የድምፁን መጠን እስከ ጥግ አዞረው። ወይ ፍንክች። «ትንሽ ይታገሡን» አለና እጀታውን ተቀብሎ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ምክትሉ ፈቀቅ አለ። ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነውና፣ ሰው እንዳይሰማው መናገሪያውን በመዳፉ ጥርቅም አድርጎ አፈነው። መስሚያው ከንፈሩ ሥር ሆነ።

በመስሚያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፒከር ደግሞ መግቢያ ላይ ከሰኳት ማይክ ሆና ታገለግላለች። ይህን ቴክኒሻኗ ታውቃለች። ባጭሩ አያውቅም።

«ስማ» የሚል ሹክሹክታ አዳራሹን ሞላው። «የትኛው ሽቦ የምን እንደሆነ እኔ በምን አውቄ? ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት። አበላሸችው እንበልና ኮንትራቷ በዚያው ይቋረጥ። አሮጊቷ እንደሆነች የነገሯትን ታምናለች።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ባጭሩ ባጭሩ ተናገረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው በጆሮ በኩል ወጥቶ ነው አፋፍ የደረሰው።

«ድምፁ እንኳ ጥራት አለው» አለ ከኋላ አንድ እንግዳ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም።

ቴክኒሻኗ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መሰኪያዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ መጠኑን ዝቅ አደረገች፣ ከባጭሩ እጅ እጀታውን ወስዳ ለዳይሬክተሯ ሰጠች።

«አሁን ይናገሩበት» አለች። «ማሳያው ከተሳካ ያሉኝንም እዚሁ ላይ ይበሉልኝ። ሰው ይስማ።»

ዳይሬክተሯ አንዴ እሷን፣ አንዴ ባጭሩን አዩ።

«አሮጊቷ ነኝ» አሉ፤ ስፒከሩ አንዲት ቃል ሳይውጥ አወጣው። «ይህቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ናት። ደብዳቤዋን የሚጽፍላት ኃላፊዋ ነው። ባጭሩ።»

ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባጭሩ! እያጨበጨበም አጠገቡ ወዳለው እንግዳ ጠጋ ብሎ፣ «ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ» አለው። እንግዳው መጀመሪያ እጁን አየ። እጀታውን አልያዘም፤ ሰውዬው እውነት የተናገረው እጀታውን ሲይዝ ብቻ ነውና አላመነውም።