ለአባዬ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

አባዬ ሰጠኝ። ሰጠኝ ስላችሁ ለባል አይደለም፣ ለእግዚአብሔር ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤታችን ተመጥቶ፣ "ልጅዎን" ተብሎ ተጠይቆ ነው የሰጠው። ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። አቃቂ ውስጥ ለራሷ ሽማግሌ የላከች ልጅ ከእኔ በፊት ካለች እጇን ታውጣ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

ፀሐይቱ እባላለሁ። ዘንድሮ አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። አባዬ ያደታ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ ባቡር ሲመጣ ሐዲዱን ቀይሮ መስመር የሚያስይዘው እሱ ነው። ቸርች ውስጥ ደግሞ ጸሎት ይመራል። በየእሁዱ ይነሳና "ጌታ ሆይ፣ ከልጆቻችን መሀል አገልጋይ አስነሳ" ይላል፣ ድምፁ ውጪ ድረስ ይሰማል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ "አሜን" ስል ነው የኖርኩት። እንግዲህ አሜን ስትል የኖረች ልጅ ምን ትሁን?

ለፋሲካ ከመዘምራን ጋር በባቡር አዋሽ ሄድን። ሙቀቱን አታንሱት። እዚያ ያለችው ቸርች ቆርቆሮ ብቻ ናት፣ ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ወንጌላዊው ጋሽ ቡልቻ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። ይሰብካሉ፣ ይቀብራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ልጆቹን የሚያስተምር ግን የለም። መዝሙር አስተማርናቸው። ልንሄድ ስንል አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሴን ያዘችና "ነገስ ማን ያስተምረናል?" አለችኝ። ምን እላታለሁ? ባቡሩ ጮኸ፣ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ በቃ አላስቀመጠኝም። ሰዎች ጥሪ ሲባል ነጎድጓድ ይመስላቸዋል። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። ሰው ስምሽን ሳይጠራ ዝም ብሎ ሲያይሽ፣ አንቺን እንደሆነ ታውቂ የለ? እንደዚያ ነው። ስጸልይ ያየኛል፣ ሰሃን ሳጥብ ያየኛል። "እሺ፣ እሄዳለሁ" ስል ብቻ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ቸርችም ጋሽ ቡልቻም እሺ አሉ። የቀረው አባዬ ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። "እራት አልቀረበም እንዴ?" አለ።

ሌላ ቀን ነገርኩት። "የታይፕ ትምህርትሽ እንዴት ነው?" አለ። ጣቢያው ቢሮ ውስጥ የታይፒስት ቦታ አስይዞልኛል፣ ለፈተናው ስሜን አስመዝግቧል፣ ለሰው ሁሉ አውርቷል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስነግረው ሬዲዮውን ዘጋ። "ልጅ ስለ ራሷ እንዲህ ያለ ነገር አታወራም። በልጅ አፍ የሚመጣ ጉዳይ አይደለም" ብሎኝ ወጣ።

"ታዲያ በማን አፍ ነው የሚመጣው?" አልኩ።

እማዬ ምስር እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በሽማግሌ አፍ ነው" አለች። ለወሬ ያህል ነው የተናገረችው። እኔ ግን ጫማዬን አደረግኩ።

በቀጥታ ጋሽ አሻግሬ ጋ ሄድኩ። ጋሽ አሻግሬ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ኦርቶዶክስ። በሰፈራችን የተዳረች ልጅ ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው የተዳረችው።

"ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው" አልኳቸው።

"እሰይ። ልጁ ማነው?"

"ልጅ የለም።"

"ሳይኖር ነው የምንጠይቀው?"

"እግዚአብሔር ነው የጠራኝ። አዋሽ ሄጄ ላገለግል ነው፣ አባዬ ግን ከእኔ አፍ አይሰማም።"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔ እኮ የእናንተ እምነት ሰው አይደለሁም። አባትሽ 'አንቱ ምን አገባዎት' ቢለኝስ?"

"ለዚያ ነው እርስዎን የመረጥኩት። የቸርች ሰው ብቻ ከመጣ በጥቅስ ይመልሰዋል። በእርስዎ ላይ ግን ጥቅስ አያወጣም።"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ስንቱን ሥራ ፈት ጎረምሳ 'ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው' እያልኩ አጋብቻለሁ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሳልዋሽ ልሂድ" አሉ።

ሁለተኛው ጋሽ ደበላ ናቸው፣ የአባዬ የሥራ ባልደረባ፣ ቸርችም አብረው ናቸው። ሽማግሌ ሦስት ነው ይባላል፣ እኔ ሁለት ነው ያገኘሁት።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ጋሽ አሻግሬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው። እኔና ጓደኛዬ አስቴር ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆመናል። እማዬ ነጠላውን ስታይ ወዲያው ዞራ አየችኝ፣ በከንፈሯ ብቻ "ማነው?" አለችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አለ አባዬ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ አሻግሬ። "ልጅዎን ልንጠይቅ ተልከን ነው።"

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "አክብራችሁኛል። ግን ልጅቷ ገና ናት፣ ሥራም ልትጀምር ነው።"

"የላከን እኮ ሥራ አትያዝ አላለም። እንዲያውም ሥራ ሊሰጣት ነው።"

"ማነው የላካችሁ?"

ጋሽ አሻግሬ ወደ ጋሽ ደበላ ዞሩ። ጋሽ ደበላ ቀስ ብለው፣ "ያደታ፣ በየእሁዱ አገልጋይ ስጠን እያልክ የምትጠይቀው እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ በተራው እሱ አንተን እየጠየቀህ ነው" አሉ።

አስቴር ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ እስካሁን ምልክቱ አለ።

"ልጅቷ ትውጣ" አለ አባዬ።

የምትጠየቅ ልጅ እኮ አትወጣም፣ ተደብቃ ነው የምትሰማው። እኔ ወጣሁ።

"አንቺ ነሽ የላክሻቸው?"

"አዎ። በልጅ አፍ አይመጣም ስላልከኝ።"

ጋሽ አሻግሬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባዬ ግን አልሳቀም።

"አዋሽ ወባ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ደሞዝ የሚሉት ነገር የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ብቻሽን ታለቅሻለሽ።"

"እሱንም አውቃለሁ አባዬ። እዚህ ብቀርም አለቅሳለሁ። እዚህ ሆኜ የማለቅሰው ነው የሚብሰው።"

አየኝ፣ ብዙ አየኝ። "ኢንተላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፣ ሆዱ ሲባባ ነው በኦሮምኛ የሚጠራኝ።

"ያደታ፣ ኧረ ለጉልበቴ እዘንልኝ" አሉ ጋሽ አሻግሬ።

"በሉ ቁጭ በሉ" አለ አባዬ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እማዬ ማልቀስ ስትጀምር ነው የገባኝ። ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ቁጭ በሉ ማለት እኮ ሰጠሁ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከባዱን ስሙ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ በኋላ አባዬ እንዲህ አለ። "የተሰጠች ልጅ ሁለት ቤት የላትም። ቢሮ ያስያዝኩላት ቦታ አለ። አዋሽ እሄዳለሁ ካለች ራሷ ሄዳ 'አልመጣም' ትበል፣ ቦታው ለሌላ ሰው ልጅ ይሁን። ሥራው ይሻለኛል ካለችም አልቆጣም። ግማሽ አድርጌ ግን አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እማዬ ጓዳ ጎተተችኝ። "ሰኞ የቢሮው ፈተና ነው። ዝም ብለሽ ተፈተኚ፣ ካለፍሽ ትንሽ ጠብቁኝ በያቸው። አዋሽ አልሆን ካለሽ መመለሻ ይኖርሻል። እግዚአብሔር በዚህ አይቀየምም፣ ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ።"

አስቴርም "እናትሽ ልክ ናቸው፣ ፋራ አትሁኚ" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ተንሸራተተ። ታይፕ መምታት እወዳለሁ። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ቢሮ ስገባ በህልሜ ሁሉ አይቻለሁ። ደግሞ አባዬ በእኔ ያፍራል፣ ስንቱን ለምኖ ነው ቦታውን ያስያዘልኝ።

ግን ራሴን አውቃለሁ። ጾም ጸሎት የያዝኩ ቀን ሙሉ ቀን ዳቦ ያለበትን ቁምሳጥን የማይ ልጅ ነኝ። መመለሻ ካለኝ የማስበው ስለ መመለሻው ብቻ ነው። አዋሽ አንድ ቀን ሲሞቀኝ፣ አንድ ልጅ ሲያስቸግረኝ፣ ባቡር ላይ ነኝ። እንደዚያ ከሆነ አልሄድኩም ማለት ነው፣ ዝም ብዬ አዋሽን ጎበኘሁ።

ስለዚህ ሰኞ ፈታኙ ሳይመጣ እገባና "ስሜን ሰርዙት፣ ቦታውን ለሚፈልግ ስጡት" እላለሁ። ለእማዬ ነግሬያታለሁ። አኩርፋለች፣ እያኮረፈች ግን ልብሴን እያጠበችልኝ ነው። አስቴር "አብደሻል" ብላኛለች።

እኔ ቆርጫለሁ። እናንተ ብትሆኑስ? ቦታውን በጎን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር ወይስ ትለቁት ነበር?