በቀጥታ ቢበር

«በቀጥታ ቢበርሳ?» አለች አምሳለ፣ ለቅሶ የተቀመጠችበትን ምንጣፍ ሳትለቅ።

ሱዳናዊቷ ጎረቤቷ፣ ሻይ ሻጯ ራሒማ ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ስልኳን አየች። «ከሜልቦርን ገዳሪፍ ቀጥታ የለም፣ ያ ኻልቲ፣ አክስቴ። ዱባይ ያርፋል።»

«ነፍስ ዱባይ ምን ትሠራለች?»

ለቀስተኞቹ ተያዩ። ራሒማ ጨነቃት። «አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል ይላል። በቀጥታ ከሆነ... ሲታሸር ሳዓ። አሥራ ስድስት ሰዓት።»

አምሳለ በጣቷ ቆጠረች። የልጇን የእንዳለውን ቀብር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በዚሁ ስልክ አይታለች፤ ካፖርት የለበሱ ሰዎች አፈር ሲመልሱበት። «እንግዲያ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል» አለች።

ልጇ ማሬ ከጓዳ ሰማቻት። «እማ፣ በእግዜር! ወንድሜ ሞቷል። ሙት አይሳፈርም።»

«ሲመጣ ታዪዋለሽ።»

የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ገሠሠ ወደ ማሬ ጠጋ አሉ። «ተያት ልጄ፣ ሐዘን ያናግራል።»

ማሬ የፈራችው ግን ንግግሩን አልነበረም። ሰሞኑን ሲመሻሽ ሙሰየራ የሚሉት አብራሪ የሌለው አውሮፕላን በከተማው ላይ ይዞራል፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ቤት ይገባል። እናቷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ግቢ ወጥታ ልጇን ልትቀበል ነው።

እንዳለው ሰሊጥ እያጨደ ያደገ ጨዋታ ወዳድ ነበር። ሲሄድ «እማ፣ ምን ርቀት አለው? ተኝተሽ ስትነሺ ደርሻለሁ» ብሏታል። አልዋሸም። ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጦ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «አገሩ ጦርነት ነው፣ በጡቴ ይዤሃለሁ አትምጣ» ብላ ያስቀረችው እሷ ናት። እሺ ባይ ልጅ ነበርና ቀረ። አሁን አንጀቷን የሚበላት ይኸው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ውሾች ባንዴ ዝም አሉ። ከዚያ ከላይ ወፍራም የሞተር ድምፅ መጣ።

«ሙሰየራ!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ቤት ገባ። ማሬ እናቷን ልትይዝ ብትወረወር ነጠላዋ ብቻ እጇ ላይ ቀረ። አምሳለ መሐል ግቢ ቆማ ወደ ሰማይ ትጮኻለች፦ «ና! የከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ ና!»

ድምፁ ከቤቱ በላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ፍንዳታ አልነበረም። ሲርቅ የሰማም የለም።

አምሳለ የሰው እጅ የያዘች መስላ ተመለሰች። በሩ ላይ «ጎንበስ በል» አለች፤ እንዳለው ቁመቱ መቃኑን የሚነካ ነበር። አንገረብ የሚሉት የጠፍር አልጋ ዘንድ ስትደርስ የያዘችውን ለቀቀች። ማንም ያልተቀመጠበት አልጋ ሲጥ ብሎ ረገበ። አያ ገሠሠ አማተቡ። ራሒማ «ቢስሚላህ» አለች።

ማሬ ቀኑን ሙሉ ስትከራከር ውላ ነበር፤ አሁን ግን ከምድጃው ላይ ሙቅ ውሃ ቀድታ ሳፋ ይዛ መጣችና፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው እንደሚደረገው፣ አልጋው ሥር ተንበረከከች። ውሃውን ቀስ እያለች ታፈስ ጀመር። እንባዋ ገና አሁን መጣ።

«አቃጠለህ እንዴ?» አለች።