የጅብ ራስ ያወጣው በሬ

አራጋው ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ በርና አልጋ መሥራቱን ትቶ ቤቱ ገብቷል። በሰፈሩ በከኒሳ ቀሴ ውስጥ እሱ ያልገጠመው በር ቢፈለግ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው፤ ዛሬ ግን ሳንቃ ማንሣቱ ቀርቶ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰሩም ጭንቅ ሆኖበታል። ሐኪሙም «ከባድ ነገር ካነሣህ ተኝተህ ትቀራለህ» ብሎታል፤ ለሐኪም አፍ ማን ልጓም ያበጃል! ደግነቱ ዲጋ ከተማ ያለው የሚስቱ ወንድም የራሱን የእንጨት ሥራ ሲተው አንዲት ማሽን ሰጠው። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ናት፤ በመርፌው ፈንታ ክር የመሰለች መጋዝ ሽቅብ ቁልቁል ትልባታለች። ተቀምጦ ይሠራባታል፤ ወገቡም አይቆጣም።

በዚህች ማሽን ከዋንዛ ጣውላ በሬ፣ አህያ፣ ጅብና በግ ቆረጠ። እያንዳንዱን እንስሳ ከራስ እስከ ጭራ ስድስት ቦታ ከፈለው፤ ልጆች መልሰው እንዲገጣጥሙት ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ትምህርት ቤት ኃላፊ ቲቸር ኢቢሴ ናሙና አምጣ ብላዋለች። ከወደደችው አርባ እንስሳ ታዘዋለች፤ ካልወደደችው ከገበያ ፕላስቲኩን ትገዛለች። አርባው ከተገኘ እሰየው ነው። ካልተገኘ ያው ወደ በሩና ወደ አልጋው መመለስ ነው፣ ከነወገቡ።

አርብ ጠዋት ሚስቱ አገኘሁሽ የአራቱንም እንስሳት ቁራጭ በአንድ ከረጢት አድርጋ አስያዘችው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ አራጋው?» አለች ቲቸር ኢቢሴ ቢሮዋ ሲገባ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

እሷም ገጠመች፣ ገጠመች፣ ጨረሰችና አቆመችው። «ጎበዝ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አራጋው አየው። ራሱ የጅብ ነው። ሆዱ የበሬ ነው። ከኋላው የበግ ላት ተንጠልጥሎበታል።

«ተሳስተው ነው እንጂ እኔ በሬ ነበር የሠራሁት።»

«እሺ፣ እርስዎ ይግጠሙት።»

ገጠመ። የፊት እግሩ ከኋላ የሆነ አህያ ወጣለት። አፈረሰና እንደገና ሞከረ፤ በጉ የአህያ ጆሮ አበቀለ። ክፉው ነገር እያንዳንዱ ቁራጭ ግጥም ብሎ መግባቱ ነው። አንዱ እንኳ እምቢ ቢል ስሕተቱ በታወቀ!

«ኦቦ አራጋው» አለች ኢቢሴ ሳቋን ውጣ፣ «ልጆቼ ገና ጅብና በሬ እየለዩ ናቸው። እርስዎ ያልለዩትን እነሱ እንዴት ይለዩ? እስከ ሰኞ አስተካክለው ያምጡልኝ። ሰኞም እንዲህ ከሆነ ፕላስቲኩን እገዛለሁ።»

ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ባቻ ወሬ ሸቶት መጣ። ባቻ ሰው ላይ ሳይቀልድ የበላው ቁርስ የማይወርድለት ነው።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይሄ በሬ ጅብ ያገባው መቼ ነው? ሳንጠራ!»

«ዝም በል። አቆራረጤ ልክ ነው። እየው፣ ክፍተት እንኳ የለውም።»

«ክፍተትማ የለውም። ጋብቻው የጠና ነው።»

አገኘሁሽ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ደረደረችና ራሷን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ቅርጫ ነው እንዴ የቆረጥከው?»

እውነቷን ነው። ሰፈርተኛው ለበዓል አዋጥቶ በሬ ሲያርድ ቢላዋው የሚሰጠው ለአራጋው ነው። እሱ የደለደለው መደብ አንዱ ካንዱ በጉርሻ አይበልጥም፤ ዕጣ ባይጣል እንኳ የሚያጉረመርም የለም። ያ እጅ ነው እንጨቱንም የቆረጠው። ስድስቱን ቁራጭ እኩል አደረገ፤ ይባስ ብሎ አንዱ ካንዱ የሚያያዝበትን ጉጥ በአንዲት የቆርቆሮ ልክ ሁሉም ላይ ነደፈው። ታዲያ ሁሉም ለሁሉም ቢገጥም ምን ይገርማል?

«እኩል መሆኑ ምን ነውር አለው?» አለ አራጋው፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«እኩል ስለሆነ ነዋ ጅቡ በሬው ላይ የወጣው!»

«ሥጋ ሲሆን እኩል አድርግ፣ እንጨት ሲሆን አታድርግ?»

«ኤዬ፣ አዎ» አለ ባቻ፣ «አሁን ገባህ።»

አልገባውም። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮውን ወርውሮ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። የበሬውን ሆድ ሰፋ ሲያደርግ ጎኑ ያለው ዳሌ ያሳዝነዋል፤ ለዳሌው ሲጨምር ትከሻው ይከፋበታል። እስከ ምሳ ሁለት በሬ ቆረጠ፤ ሁለቱም ስድስት ስድስት እኩል። ከዚያ መብራት ሄደ።

«በል እርሳሱን ወዲህ በለው» አለች አገኘሁሽ። «እኔ ላሥምር፤ አንተ ዝም ብለህ መስመሩን ተከተል።»

አራቱንም እንስሳ አሠመረች። የአርጆ መንገድም እንዲያ አይጠማዘዝ። አንዱን ጉጥ ድንች፣ አንዱን ባቄላ አሳከለችው።

«ኧረ ይቺ ጭራ ተበደለች!»

«ለእንጨት ጭራ ጠበቃ ቆምክ? ቁረጥ!»

መብራት ሲመጣ ቆረጠ፤ ያልተስማማበትን ውል እንደሚፈርም ሰው እያጉረመረመ።

ሰኞ ኢቢሴ የጅቡን ራስ በሬው ላይ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። አህያው ላይም፣ በጉ ላይም እምቢ አለ። የራሱ አንገት ላይ ብቻ ገባ።

«አሁን ጅብ ጅብ ሆነ» አለች ደስ ብሏት። «አርባውን ይሥሩልኝ።»

አራጋው አመስግኖ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠራችው።

«አደራ፣ አርባዎቹም እኩል ይሁኑ! ለአንዱ ልጅ ትልቅ፣ ለሌላው ትንሽ ከደረሰው ይጣሉብኛል።»

«እኩል?»

«እኩል። በሬው ከበሬው አይበላለጥ።»

«ቁራጩስ?»

«እሱማ ይበላለጥ እንጂ!»

«እሺ» አለ አራጋው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይበል?

ባቻ መንገድ ላይ ጠበቀው። «ምን አለች?»

«ወሰደችው። አርባ።»

«ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን! ታዲያ ፊትህ ምን ሆኗል?»

«እኩል እንዳታደርግ፣ ግን እኩል አድርግ አለችኝ።»

ባቻ ከላይ እስከ ታች አየው። «ኦቦሌሳ፣ ሐኪሙ ያየህ ወገብህን ብቻ ነው?»

አራጋው አልሰማውም። በጣቱ አየር ላይ አንድ ሰፊ፣ አንድ ጠባብ እያሠመረ፣ ሳይዛነፉ አርባ ጊዜ ማዛነፍ እንዴት እንደሚቻል አገኘሁሽን ሊጠይቃት ወደ ቤቱ አዘገመ።