ሱዙ እንዳትራመድ

ሱዙ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ልደቷ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው። ከማቀዝቀዣው ተነስታ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ፣ አራት እርምጃ። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር፤ ቢያንስ ስልኳን አንስታ ትቀርጻት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። አማቴ እየመጡ አለመሆናቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ልጄን ትከሻዋን ይዤ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት።

«ቁጭ በይ የኔ ቆንጆ» አልኳት። «ገና ነው።»

ሱዙ የተታለለ ሰው አስተያየት አየችኝ።

በእኛ ከተማ ዓመት ሳይሞላው የተራመደ ልጅ ሲያድግ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ልደት ቀን ሁለት ኪሎ የሚሆን ሞቺ፣ ማለትም ተወቅጦ የተድበለበለ ሩዝ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ሕፃኑ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ሕፃኑ ከብዶት ወድቆ ሲያለቅስ ቤተሰቡ በሙሉ ያጨበጭባል። አልወድቅም ካለ ይገፉታል፤ የወደቀ ልጅ ከቤቱ አይርቅምና። የአማቴ የወይዘሮ ፉሳኤ የመጀመሪያ ልጅ ናትሱኤ በአሥር ወሯ ተራምዳ ነበር። ያን ዓመት ልደቷ ሲደርስ አውሎ ነፋስ መንገዱን ዘግቶት ሞቺው ሳይወቀጥ ቀረ። ናትሱኤ ዛሬ የምትኖረው በሰሜኑ ጫፍ፣ ሳፖሮ ነው፤ የምትመጣውም በሦስት ዓመት አንዴ ነው። አማቴ ልጃቸውን የወሰደባቸው ሥራ ነው ወይም ትዳር ነው ብለው አያውቁም። «ያ ነፋስ» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር አለብኝ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ይህንኑ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በእርግዝናና በሕፃን የመጀመሪያ ዓመት ስለሚደረጉ በዓላት ነበር፤ መቶ አርባ ሁለት ገጽ። አንዱ ገጽ ላይ «ልጁን የመጣሉ ድርጊት ቤተሰቡ የመለያየትን ፍርሃት በጨዋታ የሚያስተነፍስበት መንገድ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። መምህሬ ከጎኑ «ግሩም» ብለው ጻፉልኝ። ያን ግሩም ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ሴት ናት እንግዲህ የገዛ ልጇን ለአሥራ አንድ ቀን ትራስ ላይ ስትጥል የከረመችው።

ምክንያቴ ናትሱኤ ብቻ አልነበረችም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞሪዮካ ከሚገኝ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። የድሮ የሕፃናት ልብሶችን ስብስብ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከተመረቅኩ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ነው፤ እሺ ብዬ መልስ ጽፌአለሁ። ባለቤቴ ሺንጎ የድልድይ ንድፍ ሠሪ ስለሆነ የትም ተቀምጦ መሥራት ይችላል። ሞሪዮካ ግን ከዚህ በባቡር ሙሉ ቀን ያስኬዳል። እና ይህን ሁሉ ለአማቴ የነገረ ሰው አልነበረም። ከመንገሬ በፊት ሱዙ ስትራመድ ቢያዩ ምን እንደሚሆኑ እያሰብኩ በሩን በሩን አይ ነበር።

«አንቺ ንገሪያት» ይለኛል ሺንጎ። «ሥራው ያንቺ ነው።»

«እናትየዋ ግን ያንተ ናቸው።»

«እኔ ከነገርኳት ታለቅሳለች። አንቺን ግን ታከብርሻለች፤ ዝም ብላ ነው የምታዳምጥሽ።»

«እስካሁን ምን ብያቸው አዳመጡኝ?»

ሺንጎ ትንሽ አሰበና «እውነትሽን ነው» አለ።

ዝም በማለት ረገድ ታሪኬ ረጅም ነው። በእርግዝናዬ በአምስተኛው ወር፣ በዘመን መቁጠሪያችን በውሻ ስም በተሰየመው ዕለት፣ አማቴ ነጩን የሆድ መቀነት በገዛ እጃቸው አሰሩልኝ። ውሻ ሳትቸገር ስለምትወልድ እኛም እንደ እሷ እንድንሆን ነው ቀኑ የተመረጠው። ስለዚያ መቀነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌአለሁ፤ አስተሳሰሩን ግን አላውቅም ነበር። «ጠበቀሽ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ በጭራሽ» አልኩ። መኪናው ውስጥ ራሴን ስቼ ነው የተገኘሁት። ሱዙ በተወለደች በወሯ ወደ መቅደሱ ስንወስዳት ደግሞ በልማዱ መሠረት የታቀፏት የአባቷ እናት ናቸው፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ፎቶ አንሺው «ሞግዚቷ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ። ወደ ግራ ሄድኩ። በመቶኛው ቀን የመጀመሪያ ምግቧን ስናቀምሳት የሺንጎ አጎት ጌንዞ ለሱዙ በደንቡ የቀረበላትን ቀይ ዓሣ ከነዐይኑ ጨርሰው «ይቺ ልጅ ምግብ ትወዳለች!» ሲሉ፣ እኔም «አዎ፣ ትወዳለች» አልኩ።

አሥራ አንዱን ቀን እንደ ዘብ ነው ያሳለፍኩት። ሱዙ በተነሳች ቁጥር በአንድ እጄ ትከሻዋን ነካ፣ በሌላው እጄ ከኋላዋ ትራስ ሸጎጥ አደርጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፅ እንኳ የሌለው ሥራ ሆነ። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው በሕይወቴ እንዲህ የተካንኩበት ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም። የገረመኝ ነገር፣ ልብስ ለማስጣት ስወጣ ለአማቴ ትቻት እሄዳለሁ፤ ስመለስ አንድም ቀን ቆማ አላገኘኋትም። ሁሌ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን አኩርፋ። ልጄ ምስጢር መጠበቅ ታውቃለች ብዬ በልቤ ኮራሁባት።

ልደቷ እሑድ ዋለ። አጎት ጌንዞ ሞቺውን ራሳቸው ወቅጠው፣ ዱቄቱ እስከ ቅንድባቸው ደርሶ መጡ። ሁላችንም በደንቡ መሠረት ምንጣፉ ላይ ተንበርክከን ተቀመጥን። አማቴ ሞቺውን በአረንጓዴ ጨርቅ ቋጥረው ሱዙ ጀርባ ላይ አሰሩላትና ክፍሉ መሃል አቆሟት።

«አሁን ትወድቃለች» አሉ ጌንዞ፣ ለማጨብጨብ እጃቸውን አዘጋጅተው።

ሱዙ ተንገዳገደች። ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመችና ሁለት ኪሎ ሩዝ እንደተሸከመች ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ገበያ እንደረፈደባት ሴት ነበር የምትሄደው።

«ኧረ ይቺ ልጅ ወደብ ላይ ትቀጠር!» አሉ ጌንዞ። «ምን ታያላችሁ? ጣሏት እንጂ!»

እኔና አማቴ እኩል ተነሳን። እኔ ከግራ፣ እሳቸው ከቀኝ። ሁለታችንም በአንድ እጃችን የልጅቷን ትከሻ ነካን፤ ሁለታችንም በሌላ እጃችን ከኋላዋ ትራስ ሸጎጥን። ሁለቱ ትራሶች ተጋጩ። ሱዙ ከሁለቱም በላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ጣሪያውን አየች። አላለቀሰችም። ለምዳዋለች።

አማቴ መጀመሪያ ትራሴን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን።

«ይህን የት ተማርሽው?»

«እርስዎስ?» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

አማቴ ወደ ኋላቸው ቁጭ አሉ። «ስትራመድ ካየኋት ሁለት ሳምንት አለፈኝ» አሉ በቀስታ። «ልብስ ልታሰጪ ስትወጪ። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ አሮጊቷ ልጄን ትጥልብኛለች ብለሽ እንዳትታዘቢኝ ብዬ... መስኮቱን እያየሁ ነበር የምጥላት።»

አጎት ጌንዞ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ምስኪን ልጅ! ጠዋት በእናቷ፣ ከሰዓት በአያቷ! እግሯ እንዴት አይበርታ? የጁዶ ተጋጣሚ ነው ያሳደጋችሁት!»

ሁሉም ሳቀ። አማቴም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እዚያው ላይ ቢያበቃ ምንኛ ደስ ባለኝ። አማቴ ግን ዐይናቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ለምንድን ነው? አንቺ እኮ በዚህ አታምኚም።»

ሺንጎ ድንገት የጣሪያውን እንጨት መቁጠር ጀመረ።

«ሞሪዮካ ልንሄድ ነው» አልኩ፣ ለምንጣፉ።

«ምን?»

ድምፁ ትንሽ የሆነ ሰው መጥፎ ወሬውን ሁለት ጊዜ ነው የሚናገረው። «ሞሪዮካ። ሥራ አግኝቻለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ። ሦስታችንም ነን የምንሄደው።»

አማቴ «እንግዲያው» አሉ፣ «በአንድ እጅሽ ልጅቷን ስትጥዪልኝ በሌላው ሻንጣሽን ታዘጋጂ ነበራ።»

«ሻንጣውን ገና አላዘጋጀሁም» አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ እሱን በሰጠሁ።

«ሺንጎ!»

«እማ፣ እኔ... ሥራው እኮ የእሷ ነው።»

«ጀግና!» አሉ አጎት ጌንዞ። «አባትህ ቢያይህ ይኮራብህ ነበር።»

አማቴ ወደ ሱዙ ተጠግተው የአረንጓዴውን ጨርቅ ቋጠሮ ፈቱ። ሞቺውን ወደ ወጥ ቤት ሊወስዱት፣ ቀጥሎም በሩን ዘግተው ሊቀመጡ መስሎኝ ነበር። ይዘውት ወደ እኔ መጡ።

«ጀርባሽን ስጪኝ።»

«እማማ?»

«ያለ ቦታው ነው ያሰርነው። ሕፃን ምን ታውቃለች? የምትሄጂው አንቺ ነሽ።» ጨርቁ ለአዋቂ ትከሻ ስለማይበቃ የሽርጣቸውን ማሰሪያ ፈትተው ቀጠሉበት። ጥብቅ አድርገው አሰሩት። «ጠበቀሽ?»

«አዎ» አልኩ። «ትንሽ ጠብቆኛል።»

ማሰሪያውን ትንሽ ላላ አደረጉልኝ። «ተነሺ እንግዲህ። ተራመጂና እንይሽ።»

የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ሁለት ኪሎ ተሸክማ መቆም አያቅታትም። እቆማለሁ፣ ከዚያ አማቴ ይገፉኛል፣ እኔም ስለ እሳቸው ብዬ በጨዋ ደንብ እወድቃለሁ ብዬ አስቤ ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምወድቅ ጭምር አስቤአለሁ። ያላሰብኩት ከአንድ ሰዓት በላይ ተንበርክኬ መቀመጤን ነው። ብድግ አልኩ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ከጉልበቴ በታች እግር የሚባል ነገር አልነበረኝም። ማንም ሳይነካኝ በአፍንጫዬ ምንጣፉ ላይ ተደፋሁ፤ ሞቺው ከጀርባዬ ተንሸራቶ ማጅራቴ ላይ አረፈ።

ሱዙ አጨበጨበች።

«ማንም ሳይገፋት!» ጮኹ ጌንዞ። «ሕፃኗ ቆማ እናቷ ወደቀች!»

አማቴ መጥተው ከላዬ ቆሙ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ላየው አልቻልኩም፤ የካልሲያቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ወድቃለች» አሉ በመጨረሻ። «ጌንዞ፣ አይተሃል?»

«እንዴታ!»

«ሺንጎ፣ አንተስ?»

«አይቻለሁ፣ እማ።»

«እኔም አይቻለሁ። በደንብ ወድቃለች።» ድምፃቸው ረጋ አለ። «የወደቀ ሰው ይመለሳል። ለአዲስ ዓመት ትመጣላችሁ። በነሐሴም ለሙታን በዓል። በየዓመቱ።»

«እሺ፣ እማማ» አልኩ ከምንጣፉ ሆኜ። ቀጥዬ እውነቱን ልነግራቸው፣ ምልክት ሆኖ ሳይሆን እግሬ ደንዝዞ ነው ልላቸው ቀና ለማለት ሞከርኩ።

አማቴ አጠገቤ ተንበርክከው ቋጠሮውን ሊፈቱልኝ ጎንበስ አሉ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

«ዝም በይ፣ አትነሺ» አሉኝ፣ ጌንዞ እንዳይሰማ። «እግርሽ እስኪነቃ ትንሽ ቆዪ።»